ለታዳጊ ስካውቶች የተፈጥሮ ጥናት አንድ ቋሚ ጥግ ይፈቀድ

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በመሀል አዲስ አበባ የሚገኙ መናፈሻዎችን፣ አረንጓዴ ሥፍራዎችንና የወንዝ ዳርቻዎችን ለሚያስተዳድሩ የከተማው ጽሕፈት ቤቶች

ግልባጭ፦ ለርእሳነ መምህራን፣ ለስካውት ቡድን መሪዎችና ለወላጆች

ጉዳዩ፦ ታዳጊ ስካውቶች ዓመቱን ሙሉ ተፈጥሮን የሚያጠኑበት ቋሚ ሥፍራ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከአራት ኪሎ እስከ ቀበና ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ታዳጊ ስካውቶችን በበጎ ፈቃድ ከሚመሩ ሰዎች አንዱ ሆኜ ነው። የምጠይቀው ነገር አጭር ነው። በመሀል ከተማ ካሉት መናፈሻዎችና አረንጓዴ ሥፍራዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ፣ ስፋቱ ከአንድ የመማሪያ ክፍል ብዙም የማይበልጥ ጥግ ተለይቶ፣ ሣሩ ሳይታጨድ፣ የረገፈው ቅጠል ሳይጠረግና ፀረ ተባይ ሳይረጭበት እንዲቆይ፤ ልጆቹም የስካውት ልብሳቸውን ለብሰው ከመሪዎቻቸው ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ወደዚያው ጥግ ያለ ክፍያና ያለ ክርክር እየገቡ ዓመቱን ሙሉ እንዲያጠኑት ይፈቀድ። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ግንባታም ሆነ አጥር አንጠይቅም። ጥያቄውን በማመልከቻ ብቻ ከማቅረብ ይልቅ በግልጽ ደብዳቤ ማቅረብን የመረጥሁት፣ ጉዳዩ የአንድ ቡድን ጉዳይ ስላልሆነና ሌሎች የስካውት መሪዎች፣ መምህራንና ወላጆችም የየበኩላቸውን ሐሳብ እንዲጨምሩበት ስለምፈልግ ነው።

የተፈጥሮ ጥናት ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ በቅድሚያ ላስረዳ። ስካውትና ተፈጥሮ አንድ ላይ ሲነሡ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ችግኝ ተከላ፣ ወደ ጽዳት ዘመቻ፣ ካልሆነም በዓመት አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወደሚደረግ ሽርሽር ይሄዳል። ሦስቱም መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ቡድናችንም ይሳተፍባቸዋል። ይሁን እንጂ ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የተመለሰ ልጅ የተከለው ጽድ ይሁን ግራቪሊያ ሳያውቅ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ አንድ ቀን ላንጋኖ ደርሶ የመጣ ልጅም ያያቸውን ወፎች በሌላ ወቅት ተመልሶ ለማየት ዕድል አያገኝም። ጥናት የሚባለው ልጁ በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ ያየውን በደብተሩ ጽፎና ሥሎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ሥፍራ ላይ ቆሞ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ሲለይ ነው። የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር፣ ብራውንሲ በተባለች ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲያካሂድ ለልጆቹ ካስተማራቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል ዱካ መከተል፣ እንስሳትን ሳያስደነግጡ ማየትና ያዩትን ማስታወስ ይገኙበታል። እኛ ሰልፉን አጥብቀን ይዘን ይህን ክፍል አላልተነዋል ብዬ አምናለሁ። ሰልፍ ለማስተማር የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም አስፋልት ይበቃል፤ ይህኛው ግን ሕይወት ያለበት መሬት ይፈልጋል።

መሬቱ ቅርብና አንድ ቦታ ይሁን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በመሀል ከተማ የሚኖሩ ልጆች አብዛኞቹ ግቢ የላቸውም፤ የሚኖሩት በጋራ መኖሪያ ቤቶች ወይም እጅግ በተጠጋጉ ቤቶች ውስጥ ነው። ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው የጉለሌ እፅዋት ማዕከልና የእንጦጦ ፓርክ ለከተማችን ትልቅ ሀብት መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት የማይሞላ ልጆችን በየሳምንቱ በታክሲ ወደዚያ ማመላለስ አብዛኞቹ ወላጆች የማይችሉት ወጪ ነው። በእግር ዐሥራ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ ትንሽ ጥግ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚታይ ሰፊ ጫካ ይልቅ ለእነዚህ ልጆች ብዙ ያስተምራል።

በዚህ ጥግ ምን እንደሚጠና በምሳሌ ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤቶቹ የሚፈቅዱትን ነገር በትክክል ማወቃቸው ተገቢ ነውና። አደይ አበባን እንውሰድ። ሁላችንም በመስከረም እናየዋለን፣ ልጃገረዶች ያስሩታል፣ በደመራ ላይም እንጨምረዋለን፤ ግን አንድ ልጅ በአጉሊ መነጽር ካየው፣ አንድ አበባ የሚመስለው ነገር በእርግጥ ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ ተሰብስበው የሠሩት መሆኑን ይደርስበታል። ዳር ዳሩን የተሰለፉት ቢጫ ቅጠል መሳዮችም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ይህን አንዴ ያየ ልጅ የሱፍ አበባን፣ የኑግ አበባንና በየአጥሩ ሥር የሚበቅሉትን ትናንሽ ቢጫ አበቦች ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ራሱ መጠርጠር ይጀምራል፤ በእርግጥም ዘመዳሞች ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ይህ አበባ የት ይሄዳል የሚለው ነው። መልሱን ለማየት ተክሉ ደርቆ፣ ዘሩ በስሎ መሬት ላይ እስኪወድቅ፣ ከዚያም በክረምት እንደገና እስኪበቅል መጠበቅ ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር መሠረት ግን አበባው ማማሩን ሲያቆም የአትክልት ሠራተኞች ያጭዱታል፤ ዘሩ ሳይበስል ስለሚታጨድም ለሚቀጥለው መስከረም በዚያ ቦታ የሚወድቅ ዘር አይኖርም። ሳይታጨድ ይቆይ ስንል ይህን የመሰለውን ነገር በማሰብ እንጂ መናፈሻው የተዝረከረከ እንዲመስል በመፈለግ አይደለም።

ስለ ቢራቢሮም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። በከተማችን በቅርብ ዓመታት የተሠሩት አረንጓዴ ሥፍራዎች ለዓይን የሚያምሩ ናቸው፤ ሆኖም አብዛኛው ክፍላቸው በአጭሩ የሚታጨድ ሣርና ከውጭ የመጡ የጌጥ ተክሎች ናቸው። ትልቁ ቢራቢሮ አበባ ካለበት ሁሉ ሊቀስም ይችላል፤ አባጨጓሬው ግን ብዙውን ጊዜ የሚበላው የተወሰኑ ተክሎችን ቅጠል ብቻ ስለሆነ፣ እነዚያ ተክሎች እንደ አረም ከተነቀሉ ቢራቢሮውም አይኖርም። ስለ ሚዛኑ ያህል፣ የታጨደ ሣርም የራሱ እንግዳ እንዳለው መናገር ይገባል፦ ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው ከሚመጡት ወፎች መካከል ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች በሣር ላይ የምትሮጠው ቢጫ ወፍ እንዲህ ያለውን ሜዳ ትወዳለች። ልጆቹ ሁለቱን ሥፍራዎች ጎን ለጎን እያዩ በየትኛው ላይ ምን እንደሚገኝ ቢመዘግቡ፣ ከማንኛችንም ንግግር የተሻለ ማስረጃ ያገኛሉ።

ወፎችን ካነሣሁ ዘንድ በዚሁ ትንሽ ልቆይ፤ ለመሀል ከተማ ልጅ ከወፍ የሚቀርብ የዱር ፍጥረት የለምና። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የሚታዩባት አገር ናት። ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ አንዳንዶቹ በየጧቱ በጣራችን ላይ እየጮሁ ያልፋሉ። ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያለው፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበትና በቡድን እየበረረ በከፍተኛ ድምፅ የሚጮኸው የኢቢስ ዓይነት አንዱ ነው፤ ለእሱ ብለው ከሩቅ አገር ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ የእኛ ልጆች ግን ጩኸቱን እንጂ ማንነቱን አያውቁም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውና ምንቃሩ እጅግ የወፈረው ትልቁ ቁራም ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የሚኖር አይደለም።

ለጀማሪ ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ብዙ ስም መሸምደድ መሆን የለበትም። በሰማይ ላይ የሚዞሩትን ትልልቅ ወፎች በጅራታቸው መለየት ይበቃዋል። የጭልፊት ጅራት መሀሉ ገባ ያለ ነው፤ ስትታጠፍም ጅራቷን እንደ መሪ ስታጣምመው ይታያል። የጥንብ አንሳ ጅራት አጭር ሲሆን ክንፉ ሰፊ ሆኖ ጫፎቹ እንደ ጣት ይከፈታሉ። ጅራቱ አጭርና ቀላ ያለ፣ ሆዱ ብዙውን ጊዜ ነጭ የሆነው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ አዳኝ ወፍ ነው። ይህን ሦስት መለያ የያዘ ልጅ ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ መቁጠር ይችላል። ቆጠራው ቀልድ እንዳልሆነም ልብ ይባል፦ በቄራና በየሥጋ ቤቱ አካባቢ እናየው የነበረው ትንሹ ጥንብ አንሳ በአሁኑ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች መካከል የተመደበ ነው። ዋነኞቹ ምክንያቶችም መርዝ፣ አደንና የምግብ ማጣት ናቸው። በየቅዳሜው በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ሥፍራ፣ ለተመሳሳይ ደቂቃዎች የተደረገ የልጆች ቆጠራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአዋቂዎችም የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል።

ዛፎችን በተመለከተ አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ፤ በመናፈሻዎቹ ውስጥ ባሉት ዛፎች ላይ ስማቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከትውልድ አገራቸው ጋር ተጽፎ ይለጠፍ። በአንድ የመሀል ከተማ ጎዳና ላይ ብቻ የሚሄድ ልጅ ሳያውቀው የብዙ አህጉራትን ዛፎች ያልፋል፦ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ግራቪሊያውና ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ ናቸው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦ ጫካ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ባለቀ ጊዜ ባይመጣ ኖሮ ከተማዋ ሌላ ቦታ ፍለጋ ትሄድ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ግን የራሳችን ናቸው፤ ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ የሚደምቀው ቆርችም እንዲሁ። በቆርች አበባ ላይ ጧት ጧት ማር የሚቀስሙትን ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ወፎች ያየ ልጅ ሁለቱ ለምን እንደሚፈላለጉ መጠየቁ አይቀርም።

ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች በብዛት የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ውስጥ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በመሀል ከተማም ካህናትና ምእመናን ባይጠብቋቸው ኖሮ አናገኛቸውም ነበር። ነገር ግን በአንድ ቡድን ውስጥ የክርስቲያን ልጆችም የሙስሊም ልጆችም አብረው ስለሚገኙ፣ ለሳምንታዊው ጥናት ሁሉም እኩል የእኔ ነው የሚለው የሕዝብ ሥፍራ ይሻላል፤ በዚህ ላይ የምንጸናውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ መመልከት ወዴት እንደሚያደርስ ለሚጠይቅ ሰው የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው፣ ከላይ ያሉት ግን በሕይወት መኖራቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን ተውሳክ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ያ አንድ ምልከታ በሽታውን ለመከላከል የሚያስችል የረጅም ጊዜ ምርምር በር ከፈተ፤ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ልብስ ሲታጠብ ያየ ብዙ ሰው ነበር፤ ከመታጠቢያው በላይና በታች ያለውን ያነጻጸሩት ግን እርሳቸው ናቸው። ሁለት ቦታን ማነጻጸር ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅም የሚችለው ነገር ነው። ለምሳሌ በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የሚያድገውና ሊከን የሚባለው ግራጫ ወይም አረንጓዴ ነገር ፈንገስና ዋቅላሚ አብረው የሚኖሩበት ፍጥረት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች የተበከለ አየርን አይችሉም። በአስፋልት ዳር ባለ ዛፍና በመናፈሻው ውስጠኛ ክፍል ባለ ተመሳሳይ ዛፍ ላይ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ሕይወት የሌላቸውን ነገሮች መመልከትም የዚሁ ጥናት አካል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 ገደማ፣ በቀጥታ በራሳችን ላይ ትሆናለች፤ በእነዚያ ቀናት ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት እኩለ ቀን ላይ ጥላ የለውም። የነሐሴውን ደመና ብዙውን ጊዜ ይከለክለናል፤ የሚያዝያው ግን ይታያል። ልጆቹን ከሁሉ የሚያስደንቃቸው የፀሐይ እኩለ ቀን ሰዓታችን 6 ሲል ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ መሆኑ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ወደ እኛ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። በታኅሣሥ አንድ ሜትር የሚሆን እንጨት እኩለ ቀን ላይ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ ደግሞ ጥላው አጥሮ ወደ ደቡብ ይዞራል። ዝናብ ለመለካት ደግሞ አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስና ማስመሪያ ይበቃሉ። በጠርሙሱ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። በከተማችን ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ እንደሚወርድ በመጽሐፍ ከማንበብ፣ በገዛ ጠርሙስ ለክቶ ማወቅ ይበልጣል። ለዚህ የምንፈልገው እንጨቱና ጠርሙሱ ከሳምንት እስከ ሳምንት ሳይነቀሉ የሚቆዩበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ወንዞቻችን በጥንቃቄ እናገራለሁ። ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ በመሀል ከተማ ያልፍና ከአቃቂ ጋር ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከእንጦጦ ጀርባ የወረደው ዝናብ ግን ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ይህን በድልድይ ላይ ቆሞ፣ ካርታ ዘርግቶ ለልጆች ማስረዳት ግሩም ትምህርት ነው። ሆኖም ውኃው በፍሳሽ የተበከለ ስለሆነና በክረምት ድንገት ስለሚሞላ፣ ማንኛውም ልጅ ወደ ውኃው እንዲወርድ ወይም እንዲነካው አንፈቅድም፤ ከጽሕፈት ቤቶቹ የምንጠይቀውም በወንዝ ዳርቻ ልማቱ ከተሠሩት መተላለፊያዎች ላይ ሆነን እንድንመለከት ብቻ ነው። የወንዙን ቀለም፣ ሽታ፣ የውኃውን ከፍታና በዳርቻው የሚያርፉትን ወፎች ከላይ ሆኖ መመዝገብ ይቻላል።

አሁን የሚያጋጥመንን እንቅፋት በግልጽ ልናገር፤ የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንደኛው የመግቢያ ክፍያ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የእሑድ መዝናኛ ተመጣጣኝ የሆነው ዋጋ በየሳምንቱ ለሚመጡ ልጆች ሲባዛ የማይቻል ይሆናል። ሁለተኛው ጥበቃን የሚመለከት ነው። መሀል አዲስ አበባ ቤተ መንግሥትና ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሥፍራ ስለሆነ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዞ ወደ ላይ የሚያይና በደብተር የሚጽፍ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ጥያቄ ቢያስነሣ አይገርምም። የጥበቃ ሠራተኞች ሥራቸውን ነው የሚሠሩት፤ ችግሩ እነርሱ የሚያዩት አንድም የፈቃድ ወረቀት አለመኖሩ ነው። በአንደኛው ሳምንት የፈቀደ ጠባቂ በሌላው ሳምንት በሌላ ይተካል፣ ንግግሩም ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ልጆቹም ወፍ ማየት የሚያስጠይቅ ነገር ይመስላቸዋል። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ አንድ ቡድን ለሳምንታት ሲከታተለው የቆየ ቁጥቋጦ በአንድ ጧት ተቆርጦ መገኘቱ ነው፤ ቆራጩ ሠራተኛ ማንም ስላልነገረው ጥፋት የለበትም።

በእኛ በኩል የምንገባውን ግዴታ በጽሑፍ እናቀርባለን። በእያንዳንዱ ቅዳሜ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ከልጆቹ ጋር ይኖራሉ፤ የወላጆች የስምምነት ፊርማና የልጆቹ ስም ዝርዝር በቅድሚያ ይሰጣል። አበባ አይቀጠፍም፣ የወፍ ጎጆ አይነካም፣ እንስሳ ተይዞ ወደ ቤት አይወሰድም። እስስትንም አንደበድብም፤ በከተማችን ብዙ ልጆች እርሷን ባዩ ጊዜ ድንጋይ የሚያነሡት መርዛም ናት ተብለው ስላደጉ ነው፣ እርሷ ግን መርዝ የላትም። ወደ ሕንፃዎች ፎቶ አናነሣም፤ አስፈላጊ ከሆነም ስልክ በር ላይ እንተዋለን፣ እርሳስና ደብተር ይበቃናል።

ለጽሕፈት ቤቶቹ የምንመልሰው ነገርም አለ። በየክረምቱ በዘመቻ የሚተከሉት ችግኞች ምን ያህሉ እንደሚጸድቁ ማወቅ የሁሉም ፍላጎት ነው፤ ሆኖም ከተከላው በኋላ በየወሩ ተመልሶ የሚቆጥር ሰው ማግኘት አይቀልም። ስካውቶቹ በተመደበላቸው መናፈሻ ውስጥ ያሉትን አዳዲስ ችግኞች በዓይነታቸው ለይተው፣ ቁመታቸውን በየወሩ ለክተው፣ የደረቁትንና የደረቁበትን ወር መዝግበው በየሩብ ዓመቱ ለአስተዳደሩ ሊያስረክቡ ይችላሉ። የትኛው ዓይነት በየትኛው አፈር ላይ በጋውን እንደሚያልፍ፣ የትኛው ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ በጥር እንደሚደርቅ የሚያሳይ እንዲህ ያለ መዝገብ ለሚቀጥለው ዓመት ተከላ ይጠቅማል። የልጅ ሥራ ነው ተብሎ የሚናቅ እንዳይሆንም በየወሩ ከመሪዎቹ አንዱ የተወሰኑትን ችግኞች ድጋሚ ለክቶ ቁጥሩን ያመሳክራል።

ለሥራ ባልደረቦቼ ለስካውት መሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ መሪው ያልተዘጋጀበት ጥግ ባዶ ሣር ሆኖ ይቀራል። ሁሉን ማወቅ አይጠበቅብንም፤ አላውቅም፣ አብረን እንይ የሚል መሪ ለዚህ ሥራ ይመጥናል። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ የደረቁ ተክሎች የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ወፎችን የሚያውቁ ሰዎች የሚገኙበት ነው። ያላወቅነውን ወደ እነርሱ ይዘን መሄድ እንችላለን። ባጅ አሰጣጣችንም ቢታረም እወዳለሁ፤ የሃያ ዛፎችን ስም በቃሉ ላወጣ ልጅ ከምንሰጠው ይልቅ፣ አንድ ዛፍን ከመስከረም እስከ ነሐሴ ተከታትሎ መቼ ቅጠሉን እንዳራገፈ፣ መቼ እንዳበበና ማን እንደጎበኘው በደብተሩ ለጻፈ ልጅ ብንሰጥ ይሻላል። ደብተሩ የተጨማደደና ጭቃ የነካው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ንጹሕ ሆኖ የቀረበ የተፈጥሮ ደብተር ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ የተገለበጠ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ጥያቄያችን ለጊዜው በሁለት ወይም በሦስት ሥፍራዎች ለአንድ ዓመት እንዲሞከርና በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ ታይቶ እንዲቀጥል ወይም እንዲቀር ነው። ለሙከራው የሚያስፈልገው የተመደበው ጥግ በመናፈሻው ፕላን ላይ መመልከቱ፣ ለአትክልት ሠራተኞቹ መነገሩ፣ በር ላይ ላሉት የጥበቃ ሠራተኞች የሚታይ አንድ ማኅተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤ መሰጠቱና ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ መወሰኑ ነው፤ ሰዓቱን የመረጥነው ወፎች በብዛት የሚታዩት ያን ጊዜ ስለሆነና ሌላው ተጠቃሚ ሕዝብም ገና ስለማይበዛ ነው። አዲሱ የትምህርት ዘመን ከመጀመሩ በፊት፣ ቢቻል እስከ ነሐሴ አጋማሽ መልስ ብናገኝ፣ በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ እንጀምራለን። ለመነጋገር በተጠራን ቀን የወላጆችን ፊርማ፣ የመሪዎቹን መታወቂያና የዓመቱን የጥናት ዕቅድ ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በመሀል አዲስ አበባ ከሚገኙ የታዳጊ ስካውት ቡድኖች የአንዱ በጎ ፈቃደኛ መሪ